የአባት ሰነድ፣ የእናት ስም፦ የሪቻርድ ሞር የቤተ ሰብ ታሪክ

በታሪክ ትምህርት ክፍል የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ሰው የቤተ ሰብ ታሪክ ላይ ያተኮረ ነው። ሰውየው ሪቻርድ ሞር ይባላል። በ1620 ሜይፍላወር በተባለችው መርከብ ከእንግሊዝ ተነሥተው ወደ ሰሜን አሜሪካ ከተሻገሩትና የፕሊማውዝን ሰፈራ ከመሠረቱት 102 መንገደኞች አንዱ ነበር። ያን ጊዜ ገና ስድስት ዓመት አልሞላውም። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውስ።

ይህን ታሪክ የመረጥሁት በምክንያት ነው። በመካከላችሁ የቤተ ሰብ ታሪክን ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ያደረጋችሁ ተማሪዎች አላችሁ። አንድ ሰነድ እጃችሁ ሲገባ አስቀድማችሁ መጠየቅ የሚገባችሁ፣ ጸሐፊው ማን እንደ ሆነና ለመጻፍ ምን እንዳስገደደው ነው። የሪቻርድ ሞር ታሪክ ይህ ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያሳያል።

የሰፈራው ገዥ የነበረው ዊልያም ብራድፎርድ፣ ከጉዞው ሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ፣ የመርከቧን መንገደኞች ዝርዝር ጽፎ አስቀምጧል። በዝርዝሩ ውስጥ አራት ወንድማማችና እኅትማማች ልጆች በሦስት ቤተ ሰቦች ሥር ተበትነው እናገኛለን። ኤለን ለኤድዋርድ ዊንስሎው፣ ጃስፐር ለጆን ካርቨር፣ ሪቻርድና አንድ ሌላ ልጅ ደግሞ ለዊልያም ብሩስተር ተሰጥተዋል። ይህን አራተኛ ልጅ ብራድፎርድ በስሙ አይጠራውም፤ ከሪቻርድ ወንድሞች አንዱ እንደ ሆነ ብቻ ይናገራል። ዛሬ እንደምናውቀው ግን አራተኛው ልጅ ወንድ አልነበረም፤ ሜሪ የተባለች የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። በመጀመሪያው ክረምት ስለ ሞተች፣ ከዓመታት በኋላ ስሟም ጾታዋም ከጸሐፊው ትዝታ ጠፍቶ ነበር።

ብራድፎርድ ልጆቹ የማን እንደ ነበሩ፣ ለምን ያለ ወላጅ እንደ ተላኩ አንዲት ቃል አልጻፈም። በዚህ ዝምታ የተነሣ ለረጅም ዘመን ብዙ ጸሐፊዎች ከለንደን የተሰበሰቡ ወላጅ አልባ ድኾች እንደ ነበሩ ገመቱ። ግምቱ የፈረሰው በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በእንግሊዝ ሽሮፕሺር አውራጃ በሚኖሩ የሞር ቤተ ሰብ ተወላጆች እጅ የነበረ አንድ አሮጌ ሰነድ ተገኝቶ ለኅትመት ሲበቃ ነው።

ሰነዱ በ1622 የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ሳሙኤል ሞር፣ የሊንሊ ባለ ርስት ልጅ ነው። ሳሙኤል በ1611 የላርደን ርስት ወራሽ የሆነችውን ካተሪን ሞርን አገባ። የሥጋ ዘመዳሞች ነበሩ፤ እሱ 17፣ እሷ 25 ዓመቷ ነበር። ጋብቻው የሁለቱን ቤቶች ርስት የሚያስተሳስር እንደ ነበረ ግልጽ ነው። ከ1612 እስከ 1616 ባሉት ዓመታት አራቱ ልጆች ተወለዱ። የሺፕተን ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብም የሳሙኤልና የካተሪን ልጆች ብሎ መዘገባቸው።

በ1616 ግን ሳሙኤል ልጆቹ የእኔ አይደሉም አለ። መልካቸው ጄኮብ ብሌክዌይ የተባለውን ሰው ይመስላል በማለት፣ ከሚስቱ ጋር በዝሙት ከሰሰው። ልጆቹንም ከእናታቸው ነጥሎ በአባቱ ርስት ላይ ከሚኖሩ ጭሰኞች ዘንድ አስቀመጣቸው። ካተሪን እየተመላለሰች ልጆቿን ለማስመለስ ታገለች። ራሱ ሳሙኤል እንደ ጻፈው፣ አንድ ጊዜ ልብሳቸውን ከላያቸው ላይ እስከ መቅደድ ደርሳለች። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድም በመጨረሻ በ1620 ይግባኝዋ ውድቅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። ልጆቹ ወደ ለንደን ተወሰዱ፤ የሜይፍላወርን ጉዞ ገንዘብ ካሰባሰቡት ነጋዴዎች አንዱ ለሆነው ለቶማስ ዌስተን፣ በኋላም ለተጓዦቹ ተላልፈው ተሰጡ። ሳሙኤል 100 ፓውንድ ከፈለ። ልጆቹ ሰባት ዓመት እንዲጠበቁና እንዲመገቡ፣ ሰባቱ ዓመት ሲፈጸም እያንዳንዳቸው 50 ኤከር መሬት እንዲያገኙ ተዋዋለ። ጃስፐር በታኅሣሥ 1620 መርከቧ ገና መልሕቋን እንደ ጣለች ሞተ። ኤለንና ሜሪም ያን ክረምት አላለፉትም። ከአራቱ የተረፈው ሪቻርድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከማን ሰማነው? ልጆቹን ካባረረው ሰው ነው። ካተሪን ልጆቼን የት አደረሳችኋቸው ብላ ለአገሪቱ ከፍተኛ ዳኛ ባታመለክት ኖሮ፣ ሳሙኤል መልስ ለመጻፍ አይገደድም ነበር። እሱ መልስ ባይጽፍ ደግሞ ሜሪ እስከ ዛሬ ወንድ ሆና ትቀር ነበር። ስለ ልጆቹ ያለን ዕውቀት የተወለደው ከእናታቸው ጩኸት ነው፤ የደረሰን ግን በተከሳሹ ብዕር ነው።

ይህ ማለት ሰነዱ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ራሱን የሚከላከል ሰው ብዙ እውነት ይናገራል፤ ዳኛው ሊያጣራ ይችላልና። የልብሱን መቀደድ ያነሣው የሚስቱን ነውር ለማሳየት ነው። እኛ ግን ዛሬ ስናነበው የምናየው ልጆቿን የምትለቅ እናት አይደለችም። ከዝሙቱም ክስ አንጻር ካተሪን የሰጠችውን መልስ የመዘገበው እሱ ነው፤ ከጋብቻው በፊት ከብሌክዌይ ጋር ቃል ኪዳን እንደ ነበራት፣ ይህንንም በምስክር ማስረዳት ባትችልም በእግዚአብሔር ፊት ሚስቱ እንደ ሆነች ተናግራለች። አንድ ሰነድ ከጸሐፊው ፈቃድ ውጭ የሚመሰክረውን ማድመጥ የእኛ ሙያ ነው።

ሪቻርድ በብሩስተር ቤት አደገ። በ1636 ክርስቲያን ሀንተር የተባለችውን ሴት አገባ፤ በኋላም ሴለም ላይ ኑሮውን መሥርቶ የመርከብ አዛዥ ሆነ። የሕይወት ታሪኩን አስማምሮ ለማቅረብ የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይለዋል። መዛግብቱ ግን አያበቁም። በ1645 በለንደን ስቴፕኒ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ፣ የሴለሙ መርከበኛ ሪቻርድ ሞር ሌላ ሴት ሲያገባ እናገኘዋለን፤ የመጀመሪያ ሚስቱ ግን በሴለም በሕይወት ነበረች። በ1688ም የሴለም ቤተ ክርስቲያን በዝሙት ምክንያት አውግዞ ለየው፤ ንስሓ ከገባ በኋላ በ1691 ተቀበለው። በእናቱ ላይ የተነሣው ክስ በስተርጅናው በእሱም ላይ ተነሣ። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ደም ውርስ መተረክ ቀላል ነው፤ ሆኖም ማስረጃው ያን ያህል አይወስደንምና እኔ አልተርክም።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያቆመኝ አንድ አጭር ቃል ነው። ሪቻርድ በ1684 በአንድ ክርክር በመሐላ ሲመሰክር፣ ስለ መነሻው የሚናገረው በ1620 በለንደን በቶማስ ዌስተን ቤት እንደ ነበረና ከዚያ ወደ ኒው ፕሊማውዝ እንደ ተወሰደ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው 70 ዓመት ያህል ነው። ሽሮፕሺርን አያነሣም፤ እናቱንም አባቱንም አያነሣም። የቀረበለት ጥያቄ ስለ ዌስተን ስለ ነበረ ዝምታው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን በራሱ አንደበት ካስቀረልን የሕፃንነት ትዝታ ውስጥ ያለው ቤት የነጋዴው ቤት ነው።

አባቱ ማን ነበር የሚለው ጥያቄስ? የጥምቀት መዝገቡ ሳሙኤል ይላል፤ ሳሙኤል ራሱ ብሌክዌይ ይላል፤ ብራድፎርድ ዝም ይላል። ሦስቱን አስማምቶ ፍርድ የሚሰጥ አራተኛ ሰነድ በእጃችን የለም። ይሁን እንጂ በብዙ ንባብ መካከል የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። እኛ ልጅን በአባቱ ስም ስለምንጠራ፣ አባትነት ሲካድ ስሙም አብሮ የሚወድቅ ይመስለናል። እንግሊዞች ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተ ሰብ ስም አላቸው፤ ካተሪንም በልደቷ ሞር ነበረች። ስለዚህ ሳሙኤል አባት ሆነም አልሆነ፣ ሪቻርድ እስከ መቃብሩ የተሸከመው ስም የእናቱም ስም ነው። ሳሙኤል ልጁን ርስት ሊነሣው ችሏል፤ ስሙን ሊነሣው ግን አልቻለም።

ያ ስም ዛሬም በሴለም ጥንታዊ መካነ መቃብር በድንጋይ ላይ ይነበባል። በድንጋዩ ላይ ግን በኋላ ዘመን በ1692 እንደ ሞተ የሚናገር ጽሑፍ ተጨምሮበታል፤ በ1694 በሕይወት እንደ ነበረ የሚያሳይ መዝገብ እያለ። የተቀረጸ ድንጋይ እንኳ ጸሐፊ አለው።

ውድ ተማሪዎች፣ የአያቶቻችሁን ታሪክ ስትጽፉ የርስት ክርክር፣ የውርስ ኑዛዜ፣ የጋብቻ ውል ያጋጥማችኋል። እነዚህ ሰነዶች የተጻፉት ለእናንተ አይደለም፤ አንድ ሰው ሌላውን ሰው ለመርታት የጻፋቸው ናቸው። በውስጣቸው የተሸነፈውን ሰው ፈልጉ። ስሙ ከተጻፈው ልጅ ጎን፣ ስሟ ያልተጻፈ የአራት ዓመት ልጅ ልትኖር ትችላለች።