ሐኪም ፊት ስንቀመጥ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለዛሬ የተሰጠን ርዕስ «የሰው ልጅ ተግባቦት መሠረታዊ ነገሮች» የሚል ነው። ርዕሱ እንደ ባሕር ሰፊ ስለሆነ እኛ አቅራቢዎቹ ተማክረን ሐኪም የሚያነጋግረን ክፍል ውስጥ አስገባነው። እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከመጣን ወዲህ ቋንቋ ያላስቸገረን ቦታ የለም። ገበያ ላይ ካልተግባባን ግን ቢበዛ ያልፈለግነውን ሽንኩርት ይዘን ቤት እንገባለን። ሐኪም ቤት ሲሆን የሚከፈለው በጤና ነው።

ሰውና ሰው እንዲግባባ ተናጋሪ፣ መልእክት፣ መልእክቱ የሚሄድበት መንገድ፣ ተቀባይ፣ ከተቀባዩም የሚመለስ ምላሽ ያስፈልጋሉ። በመካከል ገብቶ የሚያበላሽ ነገርም አለ፤ ምሁራኑ «ጫጫታ» ይሉታል። ክላውድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብና የምህንድስና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1948 ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ በቤል የስልክ ቤተ ሙከራ ይሠራ ስለነበር ያሳሰበው የመስመሩ ነገር ነው። በሰው ዘንድ ግን መስመሩ ጥርት ብሎ፣ ድምፁም ደህና ተሰምቶ፣ መግባባት ሊጠፋ ይችላል።

መልእክቱን እንውሰድ። አንዲት እናት «ምች መታኝ» ብትለን ለእኛ ነገሩ አለቀ፤ ዳማከሴ ፍለጋ እንነሣለን። በእንግሊዝኛ ለምች ልክክ የሚል ቃል የለም። አስተርጓሚው «ትኩሳት» ቢለው የከንፈሩ ቁስል ይቀራል፣ «የከንፈር ቁስል» ቢለው ራስ ምታቱና ትኩሳቱ ይቀራሉ። «ብርድ ገብቶብኝ ነው» ስንልም፣ ከደረት በታች ያለውን ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» ስንልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የበሽታውን ስም ትተን የሚሰማንን እንናገር፦ የቱ ጋ እንደሚያመን፣ መቼ እንደጀመረን፣ ስንበላ ይሁን በባዶ ሆዳችን እንደሚብስብን። ስም ማውጣቱን ለሐኪሙ እንተውለት፤ የሚከፈለው ለዚያ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበን ምላሹ ነው። በእኛ አገር ሰው ሲናገር «እሺ» ማለት ጨዋነት ነው፤ «እየሰማሁዎት ነው» እንደማለት። ሐኪሙ ግን «ገብቶኛል፣ ተስማምቻለሁ» ብሎ ይወስደውና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት «እ» አለች። ለእኛ «አዎ» ናት፤ ለማያውቃት ፈረንጅ የድንጋጤ ወይም የሕመም ድምፅ ትመስላለች። ትስቃላችሁ! ነርሷ ሆዳችንን እየተጫነች «አሁን ተሻለዎት?» ብላ ስትጠይቀን እንዲያ ብንመልስላት ምን ብላ እንደምትጽፍ አስቡት። ለአክብሮት ብለን ዓይናችንን መሬት ላይ ስንተክል ደግሞ የምንደብቀው ነገር ያለ የሚመስላቸው አሉ።

ሰዓትም አለ። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ቁጥሩ እንዳለ ተተርጉሞ ቢነገረን መድኃኒቱ በስድስት ሰዓት ይዛነፋል። ለስኳር ሕመም ኢንሱሊን ለምትወጋ እህት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መርፌውና ምግቡ መገናኘት አለባቸው። «ከቁርስ ጋር»፣ «ከእራት ጋር» ተብሎ ቢጻፍልን ይሻላል፤ እንዲያ አድርጉልን ማለት ይቻላል።

ሐኪሞችና ነርሶች የሚማሩት አንድ ዘዴ አለ፤ ታማሚዋ የተነገራትን በራሷ አነጋገር መልሳ እንድትነግራቸው ይጠይቃሉ። ካልጠየቁን እኛው እንጀምረው። «የገባኝ እንዲህ ነው፤ ልክ ነኝ?» ማለት ነውር የለውም።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁን ስለዚህ ነው። በብዙ ቤት መንገዱ ልጅ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ትምህርቱን ትቶ እናቱን ይዞ ይሄዳል። እናት የማኅፀኗን ሕመም በወንድ ልጇ አፍ አታስነግርም፤ ትውጠዋለች። ክፉ ወሬ ከሆነ ደግሞ ከእርሷ በፊት የሚሰማው ልጁ ነው፤ ከዚያ እናቱን ላለማስደንገጥ ሲል ይቀንሰዋል። ይህን ሸክም ልጅ ላይ መጫን ተገቢ አይመስለንም።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ቋንቋው ለማይችል ታማሚ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ማስተርጎም እንደማይገባም የፌዴራሉ ደንብ ይናገራል። የዋሽንግተን ከተማም ከ2004 ጀምሮ ለራሷ መሥሪያ ቤቶች የወጣ የቋንቋ ሕግ አላት።

«አስተርጓሚዋ አበሻ ናት፣ ገመናዬን ታወጣብኛለች» የሚለውን ፍርሃት እናውቀዋለን፤ ከተማው ትንሽ ነው፣ ሁላችንም እንተዋወቃለን። የሐኪም ቤት አስተርጓሚ ግን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ያም ካላረጋጋን በስልክ የሚያስተረጉም ሰው መጠየቅ እንችላለን፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ግዛት ተቀምጦ የሚሠራ፣ መልካችንን የማያይ ነው። ሴት ትሁንልኝ ማለትም ይቻላል፤ ሁልጊዜ ባይገኝም መጠየቁ አይከፋም። ከአማርኛ ይልቅ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚቀናችሁ እህቶችም የሚቀናችሁን ጥሩ፤ ሐኪም ቤቱ በመልካችን አይቶ አማርኛ ነው ብሎ ሊገምት ይችላል።

ከዛሬ ጀምሮ ማኅበራችን ቀጠሮ ላላት አባል አብራ የምትሄድ እህት ይመድባል። የተመደበችው እህት ትቀመጣለች፣ የተባለውን ትጽፋለች፣ እጅ ትይዛለች እንጂ አታስተረጉምም። ቀጠሮ ሲያዝ በስልክ የምንላትን ሦስት ቃል ደግሞ አሁን አብረን እንበላት፤ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፦ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊዝ»።