ሐሙስ ማታ ስለ ምን እንሰበሰባለን?

(በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ባቋቋሙት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክበብ ዓመታዊ ጉባዔ ላይ ከአገልግሎት ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ለዛሬው ጉባዔ ከቀረቡት አሳቦች አንዱ፣ የሳምንቱ ስብሰባችን ቀርቶ በወር አንድ ጊዜ ብቻ እንድንገናኝ የሚል ነው። አሳቡን ያቀረቡት ጓደኞቻችን ሰነፎች አይደሉም። እንዲያውም ቅዳሜ ጧት ከሁሉ ቀድመው መጥተው ወንበር የሚደረድሩት እነርሱ ናቸው። የሚሉትም «ሥራው የሚሠራው ቅዳሜ ነው፤ ሐሙስ የሚደረገው ወሬ ነው፤ የወሬውን ሰዓት ለሥራው እንስጠው» ነው። መልስ እንድንሰጥ የታዘዝነው እኛ የአገልግሎት ኮሚቴ አባሎች ነን። ነገር ግን ራሳችንን ነጻ በማውጣት አንጀምርም፤ ስብሰባውን አሰልቺ ያደረግነው እኛው ነንና። ቃለ ጉባዔ ለማንበብ ግማሽ ሰዓት፣ ሻይ ማን ያምጣ በሚለው ክርክር ላይ ደግሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ማጥፋታችንን መዝገቡ ይመሰክርብናል።

ይህን ንግግር አገር ቤት ሆነው ለሚያነቡ ጓደኞቻችን ሥራችንን ባጭሩ እንንገራቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕፃናት ፊደል እናስቈጥራለን፤ ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚቀርቡትን ሽማግሌዎችና እናቶች እናስጠናለን፤ ፎርም እንሞላለን። በሌላው ቀን ደግሞ እንግሊዝኛ የማይችለውን ሰው ሐኪም ዘንድ ይዘን እንሄዳለን። ደመወዝ የለም፤ የአውቶቡሱም ዋጋ ከኪሳችን ነው።

ባለፈው ዓመት በፈተና ሰሞን ሦስት ሐሙስ በተከታታይ ሳንሰበሰብ ቀረን። ቅዳሜ ግን አልተቋረጠም፤ ፊደሉም ተቈጠረ፣ ፎርሙም ተሞላ። አንዲት እናት ማክሰኞ ጧት የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። ዘወትር የሚያደርሳቸው ልጅ ፈተና ስለ ደረሰበት እንዲተኩት ለሁለት ጓደኞቹ ነግሮ ነበር፤ እያንዳንዱም ሌላው ይሄዳል ብሎ ተቀመጠ። እኚህ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ከበራቸው ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመው ጠበቁን። በኋላ ይቅርታ ልንጠይቅ ብንሄድ ቡና አፍልተው ተቀበሉን፤ «ልጆቼ፣ ትምህርታችሁ ይበልጣል» አሉን። ቢቈጡን ይሻለን ነበር። ሌላ ቀጠሮ የተገኘው ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነው።

በዚህ ጊዜ የጎደለው ደግነት አልነበረም፤ ጠያቂ ነው የጎደለው። በ1964 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እንጠራለን) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ሲልከው ግዴታ ነበር፤ ዓመቱን ያላገለገለ ዲግሪውን አያገኝም ነበርና ጠያቂው ዲግሪው ነው። እኛን ግን ማን ይጠይቀናል? በፈቃዱ የመጣ ሰው በፈቃዱ ይቀራል። አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ነው እድርን በመዝገብና በመቀጫ ያጠሩት። ለቅሶ ያልደረሰ፣ ከስብሰባም የቀረ ሰው ስሙ ተጠርቶ ይቀጣል። ሟቹን ጠልቷል ተብሎ አይደለም፤ የሰው ስሜት ይመጣል ይሄዳል፣ ድንኳኑ ግን በሰዓቱ መተከል አለበት።

ፈረንጆቹም ከዚህ የተለየ ብልሃት አላገኙም። ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ በ1905 በቺካጎ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የመሠረተው የሮታሪ ክበብ ስሙን ያገኘው ስብሰባው ከአንዱ አባል መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው እየዞረ ይደረግ ስለ ነበር ነው። መጀመሪያ የተሰባሰቡት ለመተዋወቅና በንግድ ለመጠቃቀም ነበር። ነገር ግን እየተገናኙ ሲነጋገሩ የከተማው ጕድለት ከጠረጴዛቸው ላይ መጣ፤ በ1907 በቺካጎ ለሕዝብ የሚሆን መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ተነሡ። በ1985 ደግሞ የዚሁ ማኅበር ክበቦች ፖሊዮን ከዓለም ለማጥፋት ዘመቻ ጀመሩ። ነገሩን ለማስጌጥ ብለን እውነቱን አንሸሽግም፤ እነዚሁ ሰዎች በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እስኪፈርድባቸው ድረስ ሴትን በአባልነት አንቀበልም ብለው ተሟግተዋል። ስለዚህ መሰብሰብ ብቻውን ዓይን አይከፍትም፤ በስብሰባው ላይ ማን ተቀምጧል፣ ማንስ ይናገራል የሚለውም ይታሰብበት።

የእኛን ዓይን የከፈተችው ከገባች ሁለት ወር ያልሞላት አንዲት እኅታችን ናት። ከአንድ ሕመምተኛ ጋር ሆስፒታል ሄዳ ሐኪሙ የተናገረውን ስትተረጉም ዋለች። ማታ ቤቷ ገብታ መዝገበ ቃላት ስትገልጥ ግን ቆሽት ማለት ሲገባት ጣፊያ ብላ ኖሯል። በማግስቱ ደውላ አስተካከለች። ሐሙስ ማታ ይህን እያለቀሰች ነገረችንና «ለመሆኑ ይህን ሥራ ለምን እኛ እንሠራዋለን?» ብላ ጠየቀች። አንዳንዶቻችን ጥያቄው የስንፍና መስሎን ነበር።

መልሱን ያመጣው ሕግ የሚያጠና ጓደኛችን ነው። በ1964 የወጣው የሲቪል መብት ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ሰውን በትውልድ አገሩ እንዳይለይ ከልክሏል። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለው ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ሕመምተኛ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ወደ ማቅረብ ግዴታ አድርሶታል። የዋሽንግተን ከተማም በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሥሪያ ቤቶቿ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ አዛለች፤ አማርኛም ጽሑፎቻቸውን ከሚያስተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እንግዲህ ምን ስንሠራ ኖርን? ሌላው መክፈል የሚገባውን ዕዳ ያለ ዕውቀታችን ስንከፍልለት፣ ባለዕዳውንም ከዓይን ስንሰውረው ነበር። መብት ያላቸውን ሰዎች የምጽዋት ተቀባይ አድርገናቸዋል፤ እነርሱም መርቀውናል።

በዚህ ላይ አራት ሐሙስ ተከራከርን። «አስተርጓሚ በስልክ እስኪገኝ ሰው ይታመማል» ያሉት ወገኖች እውነት ነበራቸው፤ ስለዚህ አልተውንም። አሁንም አብረን እንሄዳለን፤ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድመን በመዝጋቢዋ ፊት ቆመን አስተርጓሚ እንጠይቃለን፤ ከዚያ በኋላ ከሕመምተኛው አጠገብ እንቀመጣለን። የከለከለን ካለ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈን ለሐሙስ እናመጣለን። ቅዳሜ እያንዳንዳችን የምናየው አንድ ሰው ነው። ሐሙስ ግን ስድስት ሰው በአንድ መስኮት ላይ አንድ ዓይነት መልስ እንደ ተሰጠው እናውቃለን።

የዜግነት ፈተናውም እንዲሁ ነው። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ማመልከቻ ያስገባ ሰው 128 ጥያቄ አጥንቶ ከሚጠየቀው 20 ውስጥ 12ቱን መመለስ ሲኖርበት፣ ከመካከላችን ግማሾቹ በአሮጌው ባለ 100 ጥያቄ ወረቀት ያስጠኑ ነበር። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ65 ያለፈ፣ በቋሚ ነዋሪነትም ከ20 ዓመት በላይ የኖሩ ሆነው ሳለ ጥያቄውን በሙሉ በእንግሊዝኛ ሲያሸመድዱ ከረሙ። ለእንደርሳቸው ያለው ሰው 20 ጥያቄ ብቻ እንደሚበቃ፣ በአማርኛም መፈተን እንደሚችል ከእኛ አንዱ ያውቅ ነበር፤ የሚያስጠናቸው ልጅ ግን አያውቅም። ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀርባ ለጀርባ ነበር የሚቀመጡት።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚጠይቀው ሐሙስ እንዲቀር ሳይሆን እንዲታረም ነው። ስብሰባው ከአንድ ሰዓት አይበልጥ፤ ቃለ ጉባዔው አስቀድሞ ይላክ። ለማን ምን ቃል እንደ ገባን ከመዝገቡ ይነበብ፤ ያልፈጸመው ሰው በስሙ ይጠየቅ፤ እኛም የኮሚቴው አባሎች ከሁሉ በፊት እንጠየቅ። ሻዩን የጠማው ያምጣ።

ወደ ድምፅ አሰጣጡ ከመግባታችን በፊት አንድ ጉዳይ ቀርቷል። እኚያ እናት ለፊታችን ማክሰኞ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አላቸው። የሚሄድ እጁን ያውጣ፤ ስሙን እንጽፋለን።