ሦስት ቀን በአንዲት ሴት ማጀት

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ባለፈው ወር በአዳራሻችን ያየነው ፊልም እስካሁን እያነጋገረ ነው። ያልመጣችሁት «ድንች ስትልጥ የምትውል ፈረንጅ አይታችሁ መጣችሁ አሉ» እያላችሁ ስቃችሁብናል። እውነት ነው፣ ድንች ትልጣለች። እኛም መጀመሪያ ላይ ስቀናል። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የተነሣው ክርክር የማኅበራችንን የብድር ቅጽ ድረስ ስለደረሰ፣ ያየነውን ላላዩት ብንናገር ይሻላል ብለናል።

የፊልሙ ስም የአንዲት ሴት ስምና አድራሻ ነው፤ ዣን ዲልማን፣ ከነመንገዷ፣ ከነቤት ቁጥሯ። የሠራችው ሻንታል አከርማን የምትባል የቤልጅየም ተወላጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1975 ፊልሙ ለሕዝብ ሲቀርብ ገና 24 ዓመቷ ነበር። ከትልልቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ውጭ፣ በአነስተኛ ገንዘብ የተሠራ ነው። ካሜራውን የያዘችው ባቤት ማንጎልት ሴት ናት፤ አብረዋት ከሠሩት አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ፣ ይህም ታስቦበት የተደረገ ነው። ዣንን ሆና የተጫወተችው ዴልፊን ሴይሪግ በዚያን ጊዜ በውበቷና በሞገሷ የታወቀች ተዋናይት ነበረች፤ ለሴቶች መብትም በአደባባይ የቆመች ነበረች። እንግዲህ ያችን ሴት ነው ሽርጥ አስለብሳ ማድ ቤት ያቆመቻት።

ፊልሙ 201 ደቂቃ ነው። መሐል ላይ ባናርፍ ኖሮ ብዙዎቻችን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። ዣን ባሏ የሞተባት ናት፣ ብራስልስ ውስጥ ከተማሪ ልጇ ጋር ትኖራለች። የሦስት ቀን ውሎዋን ነው የምናየው። ካሜራው አንድ ቦታ ይቆማል፣ አይጠጋትም፣ አይከተላትም። አጃቢ ሙዚቃ የለም። ሳህን ስታጥብ ጀርባዋን ሰጥታን እስክትጨርስ እናያለን። የልጇን ጫማ ትቦርሻለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ከአንድ ክፍል ስትወጣ መብራቱን ታጠፋለች፣ ወደሌላው ስትገባ ታበራለች። ልጁ ሲመጣ ምግቡ ቀርቦ ይጠብቀዋል፤ እየበላ ሲያነብ ትቆጣዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ብዙም አይነጋገሩም። ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ የምትተረጉምልን ልጃችን አልደከመችም፤ እንዲያውም አንዴ «አሁን ምንም አላለችም» ብላ አስቃናለች።

ነገር ግን ቤቱ የሚተዳደርበት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ፊልሙ ገና ሲጀምር ነግሮናል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ ወንድ ይመጣል። ኮቱን ትቀበለዋለች፣ የመኝታ ቤቱ በር ይዘጋል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ገንዘቡን የሾርባ ማቅረቢያው ሳህን ውስጥ ከትታ ትከድነዋለች። እዚህ ላይ አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። ሁለት እናቶቻችን ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። «ይህ ለማኅበር የሚሆን አይደለም» ያሉትን እናከብራለን፤ ቀድሞ ሊነገር ይገባ ነበር የሚለው አስተያየታቸውም ለዝግጅት ክፍሉ ደርሷል። የቀረነው ግን ከዚያ በኋላ ያየነውን ባናይ ይቆጨን ነበር።

እንግዳው የሚመጣው ድንቹ እሳት ላይ ሳለ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሱ ሲሄድ ድንቹ በልኩ በስሎ ይጠብቃታል። ሁሉን በደቂቃ ለክታዋለች። በሁለተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ይዛነፋል። ሰውየውን ስትሸኝ ፀጉሯ ተንጨብሯል፣ የሾርባውን ሳህን ሳትከድን ትተወዋለች፣ መብራት ሳታጠፋ ትወጣለች። ድንቹም ከልክ በላይ በስሏል። ድስቱን ይዛ ከማድ ቤት ወደ መታጠቢያ ቤት፣ ከዚያ መልሳ ወደ ማድ ቤት ትዞራለች፣ የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷታል። ማድ ቤት ገብቶ ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኛ አዳራሽ ውስጥ ግን አንዲት እናታችን «ወይኔ ልጄን!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ማንም አላስረዳቸውም። ራት ሰዓት ደርሶ ወጡ ሲያርር እንዴት እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ፊልም ብዙ ምሁራን ብዙ ጽፈዋል፤ የዚያን ዕለት እኛን የሚያስተምረን አላስፈለገንም።

በሦስተኛው ቀን ደግሞ ቡናው አለ። ጠዋት አፍልታ ቴርሞስ ውስጥ ያስቀመጠችውን ትቀዳለች፣ ትቀምሳለች፣ አልጥም ይላታል። ስኳርና ወተት ትሞክራለች። ትደፋዋለች። አዲስ ቡና ትፈጫለች፣ ከመጀመሪያው ትጀምራለች፣ ውኃው ጠብ ጠብ ሲል ቆማ ትጠብቃለች። ያም አልሆነም። (የቡናው ችግር ቴርሞሱ ነው ያሉ አሉ። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም።) የጎረቤት ሕፃን ስታቅፈው ያለቅሳል። ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ቡና ቤት ሄዳ ቦታዋ ተይዞ ታገኛለች። ለጎደለው ቁልፍ ሱቅ ለሱቅ ትዞራለች፣ የሚመሳሰል አታገኝም። ያን ሁሉ ሰዓት «ምን ሆነሻል?» የሚላት አንድም ሰው የለም። ሴቲቱን የሰበራት ሥራው ነው ወይስ ሥራው በድንገት ፋታ ሲሰጣት የመጣባት ሐሳብ? እኛ ሁለተኛው ይመስለናል። ወንበር ላይ ተቀምጣ ምንም ሳትሠራ የምናያት ጊዜ ሥራ ላይ ካለችበት ይልቅ ያስፈራል።

መጨረሻው ግድያ ነው፤ አንደብቃችሁም። በሦስተኛው ቀን የመጣውን ሰው በመቀስ ትወጋዋለች። ከዚያ በጨለማው ምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ ደም ባለበት ሸሚዟ፣ ዝም ብላ ለደቂቃዎች ትቀመጣለች። በዚህ ላይ ተከራክረናል። ግማሾቻችን «ደግ አደረገች» ሲሉ ሌሎች «ሰው ገድላ ልጇን የት ልትጥለው ነው?» አሉ። የእኛን አስተያየት ከጠየቃችሁ፣ መቀሱ ባይኖርም ፊልሙ ያው ነበር። መቀስ በየፊልሙ አለ። ቡናዋን ደፍታ እንደገና ስታፈላ ያሳየን ግን ከዚያ በፊት አላየንም።

አከርማን ይህን ሁሉ ያገኘችው ከመጽሐፍ አይደለም። ከፖላንድ ከመጡ አይሁድ ቤተሰብ የተወለደች ናት፤ እናቷ ከአውሽቪትዝ ተርፈው የወጡ ሴት ነበሩ። በልጅነቷ እናቷና አክስቶቿ ቤት ውስጥ ሲያደርጉ ያየችውን እንቅስቃሴ ነው ያነሣችው። ሲቀረጽም ሴይሪግ ፀጉሯን በምን ፍጥነት እንደምታበጥር እንኳ ሁለቱ ሲነጋገሩ የሚያሳይ ሌላ ፊልም አለ።

ዓመቱንም ልብ በሉ። 1975 የተባበሩት መንግሥታት ዓለም አቀፍ የሴቶች ዓመት ብሎ የሰየመው ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 24 በእነሱ አቆጣጠር፣ ከአይስላንድ ሴቶች 90 ከመቶ ያህሉ ሥራ አቆሙ፤ የቢሮውንም፣ የፋብሪካውንም፣ የቤቱንም። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሥራ ገቡ። በማግሥቱ ዓመት የአገሪቱ ምክር ቤት የእኩልነት ሕግ አወጣ። አንዱ ሥራውን በማቆም አሳየ፣ ሌላው ሳያቋርጥ ሦስት ሰዓት በማሳየት። ፊልሙ ግን ብዙ ቆይቶ ነው ወንበሩን ያገኘው፤ አንድ የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት በየአሥር ዓመቱ በሚያካሂደው ምርጫ ላይ፣ በ2022 ከ1,600 በላይ ባለሙያዎች ድምፅ ሰጥተው አንደኛ አደረጉት። በሴት የተሠራ ፊልም እዚያ ቦታ ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ ቅጹ። ፊልሙ እንዳለቀ አንዲት እናታችን «ይቺ ሴትዮ የእኛን የብድር ቅጽ ብትሞላ፣ ሥራ በሚለው ላይ ምን ልትጽፍ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሄደን የአባላትን ቅጾች አገላበጥን። ከንጋት ጀምራ ቤት የምትሠራ፣ አልጋ የያዙ አማቷን የምታስታምም፣ የጎረቤት ልጅ የምትጠብቅ አባላችን ሁሉ የጻፈችው «የለኝም» ነው። ለደጋፊዎቻችን በምንልከው ሪፖርት ላይም «ሥራ የላትም» በሚለው ዓምድ ትቆጠራለች። ያንን ዓምድ እኛ አላወጣነውም፤ ተሞልቶ እንዲመለስ ነው የተላከልን።

ከብድር ኮሚቴው ውስጥ የሚቃወሙ አሉ። «ብድር የሚመለሰው በገንዘብ ነው፣ ሰዓት አይቆጠርም» ይላሉ። ትክክል ናቸው፣ ገንዘቡ መጠየቅ አለበት። ነገር ግን አማቷን የምታስታምም ሴት በየቀኑ ገበያ ውላ እንደምትገባ ሴት ሳምንታዊ ክፍያ ሲወሰንባት የሚዘገየው ስንፍና ሆኖ አይደለም፤ የሄደችበትን ሰዓት ማንም ስላልጠየቃት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። በቅጹ ላይ «ቤት ውስጥ የምትሠሪው ሥራና የሚወስድብሽ ሰዓት» የሚል መስመር ይጨመር፣ የክፍያው ጊዜም እሱን አይቶ ይወሰን። ለደጋፊዎቻችን ደግሞ ያ ዓምድ ስሙ እንዲለወጥ ደብዳቤ ተጽፏል፤ ዛሬ እዚህ ያላችሁት ብትፈርሙበት ደስ ይለናል።

የድምፅ መስጫው ወረቀት በር ላይ ካሉት እህታችን ዘንድ ነው። ፊልሙን ላላያችሁት በሚቀጥለው ወር ደግመን እናሳያለን፤ ምን ምን እንዳለበትም ቀድሞ ይነገራል። መሐል ላይ ግማሽ ሰዓት እናርፋለን፣ ቡናም አለ። በጀበና ነው፣ በቴርሞስ አይደለም።