ተማሪዎቻችን ከመንዝ ጓሳ ምን ይማሩ?



ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎችን በአውቶቡስ አሳፍረው ሀገር ማሳየታቸው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በብዙዎቹ ጉዞዎች ባህልና ተፈጥሮ ተነጣጥለው ይቀርባሉ፤ ጠዋት ሙዚየም፣ ከሰዓት በኋላ ፓርክ። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩት ሁለቱ ሳይለያዩ የሚገኙበትን ስፍራ ላሳያችሁ ነው፤ እርሱም በሰሜን ሸዋ የሚገኘው መንዝ ጓሳ ነው።

ጓሳ ከመሃል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ውርጫም አገር ነው። የሚጠራውም በሚያበቅለው ሣር ስም ነው። የመንዝ ሰው በጓሳ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ከዝናብ የሚከልለውን ገሣ ይሠራል። ከቁጥቋጦው ማገዶ ይለቅማል፤ ድርቅ ሲጠናም ከብቱን ይዞ የሚወጣው ወደዚያው ነው። ይህን ያህል እጅ የሚፈልገው ሣር እንዴት እስከ ዛሬ ቆየ? ተማሪዎቻችን ይዘውት እንዲሄዱ የምሻው ጥያቄ ይህ ነው።

ያቆየው ሕግ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው አስቦና ገራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች አገሩን ሲካፈሉ ጓሳን ለጋራ መጠቀሚያ ለዩት። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ኖረ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓትም ከዚህ ተነሣ። ከሁለቱ ወገን ተወላጆች የሚመረጡ፣ አባ ቄራ የተባሉ አለቆች ጓሳውን ለ3 ዓመት፣ ሲያሻም እስከ 5 ዓመት ይዘጉት ነበር። ሣሩ ሲደርስ የመክፈቻው ቀን ለሕዝብ ይነገር ነበር። በበጋ ይታጨድ፣ ከአጨዳው በኋላ ከብት ይገባ፣ ክረምቱ ሲመጣ ደግሞ ለሐምሌ 5 የሐዋርያት በዓል ዋዜማ ሁሉም ለቅቆ ይወጣ ነበር። ጥበቃው የነዋሪው የራሱ ግዴታ ነበር። ቅጣቱ የከበደ ነበር፤ የአጥፊን ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ እንደ ነበር ይነገራል። ይህን ጭካኔ ማንም እንዲመልሰው አልሻም። ግን ያ ገበሬ የሣርን ዕድሜ በዓመታት ቆጥሮ፣ የአጨዳን ወቅት ለይቶ፣ ሕግን ከበዓል ጋር አስተሳስሮ ማኖሩን ልጆቻችን እንደ እውቀት ሊያጠኑት ይገባል።

በዚያ ጥበቃ ጥላ ሥር የዱር አራዊቱም ተረፉ። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹ በጓሳ ይኖራሉ። ጭላዳዎች ሣር ሲግጡ ቀበሮው በመካከላቸው በእርጋታ ይመላለሳል፤ እነርሱም አይሸሹትም። በዚያው በጓሳ በተደረገ ጥናት ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶው ሙከራ ሲሰምርለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ ነው። ተማሪዎች ዝም ብለው መቀመጥ ከቻሉ ይህን በዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ።

ይሁንና የጓሳ ታሪክ የሽማግሌዎች ጥበብ ብቻ ተደርጎ እንዲነገራቸው አልፈልግም። በቄሮ ሥርዓት ሣር የማጨድ መብት የነበረው የአስቦና የገራ ዘር ለቆጠረ፣ አጽመ ርስት ላለው ነበር። ከደጁ ያለውን ሣር የማይነካ ጎረቤት ነበረ ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ የርስት መብት ቀረ፤ ከእርሱም ጋር ሥርዓቱ ፈረሰ። የተገፋው ሰው መብት አገኘ፤ ሣሩ ግን ጠባቂ አጣ፤ አጫጁና ከብቱም ያለ ጊዜው ገባበት። ጉዳቱን ያዩት የመንዝ ሰዎች ዘር ሳይቆጥሩ፣ በየቀበሌው ወኪሎቻቸውን መርጠው፣ ጥበቃውን በአዲስ መተዳደሪያ መልሰው አቆሙት። ለእኔ የጓሳ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ ፍትሕ የጎደለው ሕግ በመጀመሪያው ነፋስ ወደቀ፣ ሕግ የሌለው ፍትሕም ሣሩን አስበላ፤ ሕዝቡ ሁለቱን አገናኝቶ እንደገና ጀመረ። ይህን በመጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ ከኖሩት አፍ መስማት ይሻላል፤ ያንን ዘመን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ደግሞ እየቀነሱ ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ጉዞውን የአንድ ቀን ሽርሽር አታድርጉት። ማኅበረሰቡ በሚያስተዳድረው ማረፊያ እደሩ፤ በአካባቢው ጠባቂዎች መሪነት በእግር ተጓዙ። ተማሪዎች የቀድሞ ባለርስቱን ልጅም፣ ርስት ያልነበረውን ሰው ልጅም ይጠይቁ፤ ገሣ የሚሠራውንና ማገዶ የምትለቅመውን እናት ያዳምጡ። ውሻ ይዞ መሄድ ክልክል ይሁን፤ የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀበሮው የሚሻገረው ከውሻ ነው። ስትመለሱም የተማሪዎቹን ጽሑፍ በአማርኛ አዘጋጅታችሁ አንዱን ቅጂ ለጓሳ ማኅበረሰብ ላኩ፤ የነገሯችሁን አጣርተው ያርሙት ዘንድ።