በቆዳ ልብስ ላይ የፈሰሰውን ቀለም ስለ ማስለቀቅ

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሲሰሙት ታናሽ ነገር ይመስላል። ይኸውም በቆዳ ልብስ ላይ ቀለም በፈሰሰ ጊዜ፥ ልብሱን ሳያበላሹ ቀለሙን ለማስለቀቅ ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው። ነገር ግን አንድ ልብስ ብቻ ላለው ሰው የዚያ ልብስ መበላሸት ታናሽ ጉዳት አይደለም። ደበሎ ለአብነት ተማሪ ቀን ልብሱ፥ ሌሊት ምንጣፉ ነው። ለምድም በደጋ ለሚውል እረኛ ከዝናብና ከውርጭ መጠጊያው ነው። የቆዳ ኮት የገዛም ሰው ብዙ ወር ያጠራቀመውን ገንዘብ በትከሻው ላይ እንደ ተሸከመ ይቈጠራል። ስለዚህ ነገሩን ማወቅ ለሁላችን ይጠቅማል።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። በ1997 ዓ.ም. በጳጉሜን፥ አስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ሳይከፈት በሮቹንና መስኮቶቹን በዘይት ቀለም እንቀባ ነበር። ማለዳ ከየኔታው ዘንድ ተምሮ ከቀትር በኋላ ወደ እኛ የሚመጣ አንድ ልጅ ሊረዳን መጥቶ ሳለ፥ ጣሳው ከእጄ አመለጠኝና ሰማያዊው ቀለም በደበሎው ትከሻ ላይ ፈሰሰ። እኔም ከኀፍረቴ የተነሣ ቸኰልሁ። ቤንዚን በጨርቅ ነክሬ በኃይል አሸሁት፤ እንቢ ቢለኝ በፈላ ውሃና በልብስ ሳሙና አጠብሁት፤ ፈጥኖ እንዲደርቅም ከምድጃ አጠገብ ሰቀልሁት። ሲነጋ ባየው ቀለሙ አልለቀቀም፤ እንዲያውም ሰፍቶ ነበር። ቆዳው ግን ተኰማትሮ እንደ ቅርፊት ደርቆ ነበርና ልጁ ሊለብሰው ቢሞክር ከትከሻው ላይ ተሰነጠቀ። ልጁ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። የተሰነጠቀውን ወገን ወደ ደረቱ አዙሮ ለበሰና ሄደ። ዝምታው ከስድብ ይልቅ ከበደኝ።

በማግሥቱ ደበሎውን ከልጁ ተቀብዬ በመንደሩ ዳር ወደሚኖሩ ወደ አንድ ሽማግሌ ቆዳ አልፊ ወሰድሁት። እኒህን ሰው ያገሩ ሕዝብ ስለ ሙያቸው ይንቃቸው ነበር። እኔም ራሴ ከዚያ በፊት በደጃቸው ሳልፍ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሰጥቻቸው አላውቅም። እርሳቸው ግን ደበሎውን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፥ «መምህር፥ እርስዎ ያወጡት ቀለሙን አይደለም፤ ቅባቱን ነው» አሉኝ። ቀለም ቈጥሬያለሁ የምል ሰው ቀለም ማስለቀቅ አቅቶኝ፥ ከፊታቸው እንደ ተማሪ ቆምሁ። ከዚህ በታች የምነግራችሁም አንዳንዱ ከእርሳቸው የሰማሁት፥ አንዳንዱ ኋላ ከመጽሐፍና ከሥራ የተማርሁት ነው።

የለፋ ቆዳ እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ እጅግ የቀጠኑ ጭረቶች ክምችት ነው። ሲለብሱት እንደ ልብ የሚተጣጠፈው በጭረቶቹ መካከል ቅባት ስላለ ነው። ቤንዚንና ሌላውም ቅባት የሚያሟሟ ነገር ቀለሙን ከማግኘቱ አስቀድሞ ይህን ቅባት ይጠጣዋል። ሙቀትም ሌላ ጠላት ነው። ጥሬ ቆዳ በእርጥበቱ ሳለ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ይኰማተራል። የለፋው ከዚያ የበለጠ ይችላል እንጂ፥ በቅባትና በዛፍ ልጥ የለፋ ቆዳ የፈላ ውሃ አይችልም። አንድ ጊዜ ከተኰማተረ ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም። እንግዲህ ሦስት ስሕተት በአንድ ቀን ሠርቼ ነበር ማለት ነው።

ቀለም የፈሰሰበት ሰው አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቅ። የፈሰሰው ምን ዓይነት ቀለም ነው? ልብሱስ ምን ዓይነት ቆዳ ነው?

ቀለሙ በውሃ የሚበጠበጥ እንደ ሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሳይደርቅ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ እየተጫኑ ማስመጠጥ ይገባል እንጂ ማሸት አይገባም። የሚያሽ ሰው ቀለሙን ወደ ውስጥ ያገባዋልና። ጨርቁም ከዳር ወደ መካከል ይሂድ፤ ከመካከል ወደ ዳር የሄደ እንደ ሆነ እድፉ ይሰፋል። ከዚያ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና ጨርቅ አርጥቦ፥ በደንብ ጨምቆ ማበስ ነው። ቀለሙ ደርቆ ቢገኝ እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ጣል አድርጎበት፥ ሲለሰልስ በጥፍር ወይም ጫፉ በደነዘዘ እንጨት ቀስ አድርጎ ማንሣት ይቻላል። ቢላዋና ምላጭ ግን አይቅረብ።

የዘይት ቀለም ጠባዩ ሌላ ነው። በውሃ የሚበጠበጠው ውሃው ሲተንለት ይደርቃል። የዘይቱ ግን ከአየር ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራልና፥ ከጠነከረ በኋላ ያቀጠነው ነገር እንኳ ተመልሶ አያሟሟውም። ስለዚህ የመጀመሪያይቱ ሰዓት ከሁሉ ትበልጣለች። እንደ ፈሰሰ በጨርቅ ማስመጠጥ፤ ቀጥሎ ቆዳው ልሙጥ ከሆነ ጥቂት የምግብ ዘይት ወይም ቫዝሊን በጨርቅ ይዞ በእርጋታ ማባበስ፤ ጨርቁ በቈሸሸ ቍጥር መለወጥ ነው። በዚህ ካልሆነ ቀለም ቀቢዎች ቀለም የሚያቀጥኑበትን አኳራጅ፥ በጨርቅ ጫፍ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ አድርጎ፥ እድፉን ብቻ መንካት ይቻላል። በቆዳው ላይ ማፍሰስ ግን ጥፋት ነው። ደርቆ የጠነከረው ደግሞ በለምዱ ጠጉር ላይ ከሆነ፥ የጠጉሩን ጫፍ በመቀስ ቈርጦ መጣል ከሁሉ የቀለለ ነው።

ኖራ ሦስተኛው ነው፤ ብዙ ሰውም አቅልሎ ያየዋል። በቆዳ ፋብሪካ ጥሬ ቆዳ ጠጉሩን የሚለቀው በኖራ ውሃ እየተዘፈዘፈ መሆኑን ያወቀ ሰው ግን፥ እርጥብ ኖራ በለምዱ ላይ እንዲቈይ አይፈቅድም። ቶሎ አስመጥጦ፥ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ ማበስ፤ በመጨረሻም በአንድ ስኒ ውሃ ውስጥ ጥቂት የሎሚ ጠብታ አድርጎ በዚያ ማባበስና በንጹሕ ውሃ መጨረስ ይገባል። ኖራ ወደ ልጅ ዓይን የገባ እንደ ሆነ ልብሱን ትቶ ዓይኑን በብዙ ንጹሕ ውሃ ቶሎ ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ስለ ቆዳው ዓይነትም እንዲህ ነው። ልሙጥ ኮት እርጥብ ጨርቅና ጥቂት ዘይት ይችላል። ፊቱ እንደ ከፋይ የሻከረ ቆዳ ግን ዘይት የነካው እንደ ሆነ ሌላ እድፍ ይይዛል። በእርሱ ላይ የፈሰሰውን እንዲደርቅ ትቶ፥ በለስላሳ ብሩሽ፥ ቀጥሎም ተማሪዎች በሚያጠፉበት ላጲስ ቀስ አድርጎ ማንሣት ይሻላል። የማንኛውም ቆዳ ሥራ ሲጀመር አስቀድሞ ከማይታይ ቦታ፥ ከብብት ወይም ከጠርዝ ውስጥ፥ መሞከር ግዴታ ነው። የብራና መጽሐፍ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ብራና ተወጥሮ የደረቀ እንጂ የለፋ ቆዳ አይደለምና ውሃ ያበላሸዋል፤ ቀለም ቢነካው ሳትነኩ ለአዋቂ አሳዩት።

ሥራው ካለቀ በኋላ ልብሱ በጥላና በነፋስ ይድረቅ እንጂ በፀሐይና በእሳት አይድረቅ። ከዚያ የወጣውን ቅባት መመለስ ይገባል። ለደበሎና ለለምድ በሥጋው ወገን ጥቂት ቅቤ ወይም የጉሎ ዘይት እያሹ ማልፋት አባቶቻችን ያቆዩልን ጥበብ ነው።

መምህራን ሆይ፥ ከልብስ በፊት ልጆችን ጠብቁ። ቤንዚንና አኳራጅ እሳት በሌለበት ደጅ እንጂ በቤት ውስጥ አይከፈቱ፤ ልጆችም አይያዙአቸው። በዘይት ቀለም የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ቢከመር በውስጡ ሙቀት አጠራቅሞ ራሱ እሳት ሊያነሣ ይችላልና፥ በደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት። አሮጌ የዘይት ቀለም ደግሞ እርሳስ ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ይህም የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ስለዚህ ፍቅፋቂውን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡ፤ እጃችሁንም ሳትታጠቡ እህል አትቅመሱ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ቀለሙ ባይለቅ፥ ተዉት። እድፍ ያለበት ደበሎ ብርድ ይከለክላል፤ የተሰነጠቀ ደበሎ ግን አይከለክልም። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼ መልቀም እንኳ አልቻልሁም ነበር።

እኒያ ሽማግሌ የልጁን ደበሎ በትከሻው ላይ ጣፉለት፤ ሁለት ቀን በቅቤ አሽተው አለፉትና ወደ ቀድሞው ልስላሴ ቀረበ። ዋጋ ብሰጣቸው የጣፉበትን ቆዳ ዋጋ ብቻ ተቀበሉኝ። ሰማያዊው እድፍ ግን እስከ መጨረሻው ከልብሱ አልጠፋም። በጥቅምትም ወደ ትምህርት ቤቱ ጠርተናቸው ለልጆቹ ስለ ቆዳ አስተማሩ። ሲገቡ ተማሪዎቹ ሁሉ ተነሥተው ቆሙላቸው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የተነሣውም ያ ልጅ ነበር።

በየመንደራችሁ እንዲህ ያለ ባለሙያ አለ። ልብሳችሁ ከመበላሸቱ በፊት ደጁን አንኳኩ።