ለወጣቶቹ ማደሪያ ስንሰጥ

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረገችው ንግግር)

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ከመካከላችን መስጊድ የምትሄዱ ብዙ ናችሁ፤ ነገሩ የቤተ ክርስቲያን ቢመስልም የሁላችንንም ምጣድ ስለሚነካ ትንሽ ታገሡኝ።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች በመጪው ክረምት 30 ያህል ወጣቶች ጋብዘው፣ በአዳራሹ እያደሩ ለከተማችን በጎ ሥራ እንዲሠሩ አስበዋል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ለሰቃ እንግዳ ተማሪ አዲስ አይደለም። ከጅማ የምንርቀው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ኅብረተሰቡ መሐል ወጥተው የሚማሩ ናቸው። ከፍ ያላችሁት ደግሞ በ1967 ዓ.ም. የተጀመረውን የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታስታውሳላችሁ፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተበትነው ነበር። እናቴ ዘማቾቹን ስታነሳ «ፊደል አስቆጠሩን፤ ምጣዱ ግን የእኛ ነበር» ትላለች።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የወጣቶች ቡድን መጥቶ የጎረቤቴን ቤት ሊያድስላት ተነሣ። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት ሴት ናት። ወሩ ሐምሌ ነበር። የበሰበሰውን ግድግዳ አፍርሰው፣ ጭቃ አቡክተው መረጉት። ልጆቹ ቅን ነበሩ፤ እጃቸው እስኪቆስል ነው የሠሩት። ግን በጅማ ሐምሌ ማን ነው ቤት የሚመርገው? ምርጉ ሳይደርቅ ዝናቡ አወረደው። ቀናቸው አልቆ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። እሷ እስከ መስከረም እኔ ማድ ቤት አደረች። ቤቱን በጥር እኛው ጭድ ሰብስበን መረግንላት።

በኋላ ቡና ስንጠጣ ምን ፈልጋ እንደነበር ጠየቅኋት። ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ ከግድግዳዋ የሚመልስ ቦይ ነበር የምትፈልገው። የአንድ ቀን ሥራ! ግድግዳውን ያበሰበሰውም እሱ ነበር። የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።

ስለዚህ ሥራውን ባለቤቷ ትምረጥ። ክረምት የራሱ ሥራ አለው፤ ቦይ መቆፈር፣ የቡና ችግኝ መትከል፣ ትምህርት የከበዳቸውን ልጆቻችንን ማስጠናት። ምርግ ለበጋ ይቆይ። የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቃት ልጅ ላላት እናት፣ ሒሳብ የሚያስረዳ አንድ ተማሪ ከአዲስ ግድግዳ ይበልጥባታል። እኔ ራሴ አለችኝና ነው የምናገረው።

ወደ ምግቡ ልምጣ። አንድ ወጣት በቀን 4 እንጀራ ቢበላ 30ዎቹ 120 ይበላሉ፤ በ10 ቀን 1,200 እንጀራ ነው። ጤፉን የሚገዛው፣ እንጨቱን የሚፈልጠው፣ ሊጡን የሚያቦካው ማን እንደሆነ እስካሁን የጠየቀን የለም። «እናቶች አሉ» ተብሏል። አለን እንግዲህ! ግን የእህል ዋጋ በሚወደድበት ወር ከቤታችን ቀንሰን አናበላም። ገንዘቡን ጋባዦቹ ይያዙ፤ እንጨት ፈለጣና ዕቃ አጠባ የወንዶቹም ተራ ይሁን። ነሐሴ ከሆነ ፍልሰታ ስለሚገባ ሽሮውም ጎመኑም አስቀድሞ ይታሰብበት። የእሸት በቆሎ ግን ከእኔ ጓሮ፣ ያ በነፃ ነው።

ሌላው፣ ለመናገር ብታፍሩም እኔ እናገራለሁ። አዳራሹ አንድ ክፍል ነው፤ መጸዳጃው ከበስተኋላ፣ መብራት የሌለው ነው። ሴቶቹ ልጆች የት ያድራሉ? እንደ እኔ በሁለት በሁለት ተከፋፍለው በየቤታችን ይደሩ። እኔ ሁለት እቀበላለሁ። ከሙስሊም እህቶቻችንም አንዷ ቅድም በጆሮዬ «ለእኔም ሁለት» ብላኛለች።

የሰበካ ጉባኤው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባል። ከእኛ ሁለት ሴቶች ገብተው ይህን ይንገሩልን። አንዷ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛዋን አሁኑኑ ምረጡ።