ከተቀራረበ በኋላ የሚርቅ ወንድ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ብዙ ሰው በልቡ የሚያውቀውን፥ በአደባባይ ግን ለመናገር የሚያፍርበትን ጉዳይ ነው። አንዳንድ ወንድ ወራት ሙሉ ደጅ ጠንቶ የወደዳትን ሴት ካገኘ በኋላ ልቡ በድንገት የሚቀዘቅዘው ስለ ምንድን ነው?

በለቡ መብራት ኃይል የምትኖር አንዲት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት እንበል። አንድ ጐልማሳ ማታ ማታ ከታክሲው ሰልፍ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ጧትና ማታ ይደውልላታል፤ ስለ ጋብቻም ያነሣላታል። ከተቀራረቡ በኋላ ግን ስልኩ ዝም አለ፤ ሲያያትም መንገድ ይለውጥ ጀመር። እርስዋም «ምን አጠፋሁ?» እያለች ራስዋን ትመረምራለች። ጎረቤትም «ቶሎ እሺ ስላልሽው ነው» ብሎ ይፈርድባታል።

ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። ቶሎ ተቀራርበው በሰላም ትዳር የመሠረቱ አሉ፤ ዓመታት ታግሠው የተለያዩም አሉ። ስለዚህ ምክንያቱን ከወንዱ ዘንድ መፈለግ ይገባል።

ከሩካቤ በኋላ በሰውነት ውስጥ ፕሮላክቲን የተባለው ንጥረ ነገር ከፍ እንደሚልና ምኞት ለጊዜው እንደሚበርድ ሐኪሞች ያውቃሉ። ነገር ግን ይህ የሰዓታት ነገር ነው እንጂ የሳምንታትን ዝምታ አያስረዳም። ማርቲ ሃዝልተንና ዴቪድ በስ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፥ ከመጀመሪያው ሩካቤ በኋላ የሴቲቱ ውበት በዓይናቸው የቀነሰባቸው ብዙ ሴት ያወቁ ወንዶች ናቸው። በሌሎቹ ወንዶችና በሴቶቹ ግን ይህ መቀነስ አልታየም። እንግዲህ ነገሩ የወንድ ሁሉ ባሕርይ ነው ለማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ምክንያት አስተዳደጋችን ነው። በቀድሞው የሠርግ ወግ የሙሽራይቱ ንጽሕና በብር አምባር ሥርዓት በአደባባይ ሲመረመር፥ የሙሽራውን የጠየቀ አልነበረም። በዚህ ሚዛን ያደገ ወንድ ራሱ የለመናትን ሴት፥ እሺ ባለችው ማግስት ይንቃታል። ለእርሱ ድል የሆነው ለእርስዋ ነውር ይሆንባታል። ይህ ግልጽ አድልዎ ነው።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃው ሰው ነገሩ ወደ ሽማግሌና ወደ ሠርግ ወጪ እንዳይሄድበት ይሠጋል። ችግሩን በግልጽ እንደ መናገር መሸሽን ይመርጣል። ድህነት ነውር አይደለም፤ ተስፋ ሰጥቶ መሰወር ግን ነውር ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ በጋብቻ ተስፋ ተታልላ የፀነሰች ሴት ብትኖር፥ ያታለላት ሰው የልጁ አባት መሆኑን ፍርድ ቤት ሊወስን እንደሚችል ደንግጓል። ስለዚህ ስልክ በመዝጋት ከአባትነት ማምለጥ አይቻልም።

ወንድሞቼ ሆይ፤ ልባችሁ ለጋብቻ ካልቆረጠ ከመቀራረብ በፊት ተናገሩ። ቢቀዘቅዝም ፊት ለፊት ቀርባችሁ እውነቱን ንገሩ። ለአንድ ቀን ታሳዝናላችሁ፤ ዝምታ ግን ዓመት ሙሉ ያቆስላል። እኅቶቼ ሆይ፤ የሰውን ቃል ከሥራው ጋር አስተያዩ። ከወዳጆቹና ከቤተ ዘመዱ የሚሰውራችሁ ሰው፥ ስለ ነገ የሚናገረውን በጥንቃቄ መስማት ይገባል። የተለያችሁም እንደ ሆነ የሌላውን ጥፋት በራሳችሁ ላይ አትጫኑ።

ምኞት በማግኘት ይጠግባል፤ ፍቅር ግን ከተገኘ በኋላ ሥራውን ይጀምራል። ወንዱ ከመለመኑ በፊት ከሁለቱ የትኛው እንዳለው ራሱን ይጠይቅ።